የቤዝ ጊታር ብሪጅ ልትቀይሩ ነው? ሳትለኩ እንዳትገዙ

ባለፈው ጥር ደብረ ሲና ሰርግ ላይ ነበርን፣ ሙሽሮቹ ገብተው ጭፈራው ሞቅ ሲል የቤዜ የኢ ክር (ወፍራሙ) ድንገት ዝቅ ብሎ ፍሬቱ፣ ማለት አንገቱ ላይ የተደረደረው የብረት መስመር፣ ላይ ተኛ። ብመታው ክርርር ከማለት በቀር ድምፅ የለውም። ጎንበስ ብዬ በስልክ መብራት ሳየው ሳድሏ፣ ማለት ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍባት ትንሿ ብረት፣ በአንድ ጎኗ ዘመም ብላለች፣ ከፍ አድርጎ የያዛት ቪቴ ዝጎ ጥርሱ ተበልቶ ነው። ሰርጉን በሶስት ክር ጨረስኩት፣ ቺክቺካ ላይ የታችኛው ድምፅ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል የተጫወተ ያውቀዋል። ከዛ ወዲህ የራሴን ጨምሮ ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት ላሉ ልጆች ብሪጅ ስቀይር ቆይቻለሁ፣ የሚጠይቁኝም የሚሳሳቱበትም ቦታ ሁሌ አንድ አይነት ስለሆነ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

ከሁሉም በፊት የምለው፣ ብሪጅ በስሙም በክብደቱም አይገዛም፣ በልኩ ነው የሚገዛው። ምርጥ የተባለ ብሪጅ ልኩ ካልገጠመ ድሮ የነበረው ርካሽ ላሜራ ይሻላችኋል።

ብሪጅ ምን እንደሚሰራ በገና አጠገብ ተቀምጦ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። የበገና ክሮች የሚያርፉባት በርኩማ አለች አይደል፣ ክሩ ሲነካ ንዝረቱን ወደ ቆዳው የምታወርደው እሷ ናት። የቤዝ ብሪጅም የኛ በርኩማ ነው በሉት። ልዩነቱ፣ በገና ላይ በክሩና በበርኩማዋ መሃል እንዝራ የሚባለው ቁራጭ ቆዳ ይገባና ድምፁ እንዲንዘረዘር ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ የበገና ለዛው እሱ ነው፣ ቤዝ ላይ ግን እንደዛ አይነት መንዘርዘር ከሰማችሁ የሆነ ነገር ላልቷል ወይ ተበልቷል ማለት ነው። ደሞ የቤዝ ብሪጅ ስራው ይበዛል፣ የክሩን ርዝመት ይወስናል፣ ከፍታውን ይወስናል፣ በክርና በክር መሃል ያለውን ርቀት ይወስናል፣ ከዛ ሌላ ክሮቹን ከኧርዝ ጋር ያገናኛል። ቴልፒስ የሚባለው የክሩ ጭራ የሚታሰርበት ነው፣ አብዛኛው ቤዝ ላይ ሁለቱ አንድ ዕቃ ናቸው፣ ክሩ በላሜራው ጀርባ ቀዳዳ ይገባና ሳድሉ ላይ ያርፋል። አራቱ ክር ተቃኝቶ ሲወጠር አንድ ላይ ከ70 ኪሎ በላይ ይጎትታል፣ ያንን ሁሉ የሚሸከሙት እንጨት ውስጥ የገቡ አጫጭር ቪቴዎች ናቸው፣ ስለዚህ እንጨቱ ላይ ያለው ስራ ቀልድ አይደለም።

መቼ ይቀየራል? የሳድሉ ቪቴ አልዞርም ካለ፣ ሳድሉ ስትጫወቱ ወደ ጎን የሚሸሽ ከሆነ፣ ክሩ ሳድሉን በልቶ ጉድጓድ ከሰራበት፣ ላሜራው ከኋላው ብድግ ብሎ ከስሩ ወረቀት የሚያስገባ ከሆነ ይቀየር። ዝገት ብቻ ከሆነ ግን አትቸኩሉ፣ ፈታችሁ ላምባ ውስጥ አሳድሩት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጋችሁ በደንብ አድርቁት፣ ብዙ ጊዜ ይድናል። ቤዙ ላይ እንዳለ ላምባ እንዳታፈሱበት ብቻ፣ ቀለሙን ያበላሻል እንጨቱም ይጠጣዋል።

ድምፄን ላወፍር ብላችሁ ከባድ ብሪጅ ልትገዙ ከሆነ ግን ትንሽ ቆዩ። ሊዮ ፌንደር በፈረንጆቹ 1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ሲያወጣ ብሪጁ የታጠፈ ላሜራ ነበር፣ ሳድሉም ሁለት ብቻ፣ አንዱ ሳድል ሁለት ክር ይሸከም ነበር፣ በ1957 ነው ለየክሩ አንድ አንድ የሆነው። ያ ቀላል ላሜራ እስከዛሬ ስንት ሙዚቃ ተቀድቶበታል። በ1970ዎቹ ባዳስ የሚባለው ወፍራም ብሪጅ መጣና ሰው ሁሉ ከባድ ብሪጅ ፈለገ፣ ዛሬ ጎቶ አለ፣ ሂፕሾት አለ፣ ባቢትዝ አለ፣ ከናስም ከዚንክም የሚሰሩ። ጥሩ ዕቃዎች ናቸው፣ ሳድላቸው አይንሸራተትም፣ ሲስተካከሉ ያዝ ያደርጋሉ፣ እኔም የምወዳቸው ለዚህ ነው። የድምፅ ለውጡን ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ አለ ቢባል ትንሽ ነው፣ አዲስ ክር ማስገባት ከዛ አስር እጥፍ ይሰማል። ጂ ክር (ቀጭኑ) ላይ አምስተኛው እስከ ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ ቶሎ የሚሞት ኖታ ካላችሁ እሱ ከኔኩ፣ ማለት ከአንገቱ፣ ነው የሚመጣው፣ ብሪጅ አያድነውም።

አሁን ወደ ልኩ። ካሊፐር ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌለ የተማሪ ማስመሪያም ይበቃል፣ ብቻ ሚሊ በሚሊ አንብቡ።

መጀመሪያ ሳድሉ ላይ ከኢ ክር መሃል እስከ ጂ ክር መሃል ለኩ። የፌንደር አይነት ባለ አራት ክር 57 ሚሊ አካባቢ ነው፣ ማለት በየክሩ መሃል 19 ሚሊ። አንዳንዱ 60 ሚሊ ይመጣል። 3 ሚሊ ምን አላት አትበሉ፣ ክሮቹ ከፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) ማግኔት ላይ ፈቀቅ ይላሉ፣ ዳርና ዳር ያሉት ደግሞ ወደ ኔኩ ጠርዝ ይጠጋሉ። ባለ አምስት ክር ላይ ከ17 እስከ 19 ሚሊ ይለያያል፣ ስለዚህ የሌላ ሰው ቤዝ ለክታችሁ አትግዙ። ቀጥሎ የቪቴ ቀዳዳዎቹን ለኩ፣ አብዛኛው የፌንደር አይነት 5 ቪቴ ነው ያለው፣ ከአንዱ መሃል እስከ አንዱ መሃል፣ በጎንም በቁመትም። በጣም የሚቀለው ብሪጁን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያውንና ቀዳዳዎቹን በእርሳስ መሳል ነው፣ ያንን ወረቀት ይዛችሁ አዲስ አበባ ወርዳችሁ ወይ ከውጭ ለሚልክላችሁ ሰው ፎቶውን ከማስመሪያ ጋር አንስታችሁ ብትልኩለት አይሳሳትም። ከዛ ከፍታ፣ ከቤዙ ገላ እስከ ክሩ ስር ስንት ሚሊ ነው? ወፍራም ብሪጅ ስሩ ስለሚወፍር ሳድሉን እስከመጨረሻ ዝቅ አድርጋችሁም ክሩ አልወርድ ሊል ይችላል፣ ያኔ ኔኩን ፈታችሁ ከስሩ ስስ እንጨት ማስገባት ሊመጣ ነው፣ ያንን ስራ ላለመፍጠር ብላችሁ ቀድማችሁ ለኩ።

የጊብሰን አይነት ሶስት እግር ላይ የሚቆም ብሪጅ ያላችሁ ደግሞ የፌንደሩን አትሞክሩ፣ ለሱ ቀዳዳ ተብሎ የተሰራ መለወጫ አለ፣ ሂፕሾት ሱፐርቶን የሚለው ከነዛ አንዱ ነው።

ዕቃው ከመጣ በኋላ ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። 12ኛው ፍሬት ላይ የክሩን ከፍታም ለክታችሁ ጻፉት፣ የለመዳችሁትን ከፍታ መልሳችሁ የምታገኙት በሱ ነው። ክሮቹን አንዴ ቆርጣችሁ አትጣሉ፣ ሁሉንም በየተራ ቀስ እያላችሁ አላሉ። ከዛ በባለ መስቀል ካቻቢቴ ቪቴዎቹን ፍቱ፣ አፉ በደንብ የሚገጥም ካቻቢቴ ይሁን፣ ካንሸራተተ የቪቴውን ራስ ይበላዋል ከዛም አልፎ ቀለሙ ላይ ይጽፍባችኋል። ብሪጁ ሲነሳ ከስሩ ቀጭን ሽቦ ታገኛላችሁ፣ እንጨቱ ውስጥ ከቀዳዳ ወጥታ ጫፏ ተልጦ የተኛች። እሷን እንዳትጎትቷት። ኧርዟ ናት። ተጎትታ ከወጣች ከቮልዩሙ ጀርባ ነው የምትበጠሰው፣ ከዛ ሽፋን ፈትቶ ሳልዳ ማድረግ ነው፣ ሰፈራችሁ ያለ ሞባይል ጠጋኝ ይሰራላችኋል ግን ባይመጣ ይሻላል።

አዲሱ ብሪጅ በድሮው ቀዳዳ ልክ ከገባ እድለኛ ናችሁ። ካልገባ የድሮው ቀዳዳ ይሞላ፣ አጠገቡ ባዶ ቀዳዳ እያለ አዲስ ከበሳችሁ ሁለቱ ይገናኙና እንጨቱ ይላላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስቴኪኒ በኮላ ይጠቀጥቃል፣ ለላላ ቀዳዳ ይሰራል፣ ቪቴው ተመልሶ እዛው ሊገባ ከሆነ ምንም አይልም። አጠገቡ አዲስ ሊበሳ ከሆነ ግን ጠንካራ እንጨት ነው የሚያስፈልገው። የመጀመሪያውን ስሰራ ሰፈራችን ያሉ አንድ አናጢ ጋ ወሰድኩትና «ጋሼ፣ በኮላ ብቻ ልድፈነው ወይ?» አልኳቸው። «አይ ልጄ፣ ኮላ እንጨትን ከእንጨት ያይዛል እንጂ እሱ ራሱ እንጨት አይሆንልህም» አሉኝና ከወይራ ቁራጭ በቢላ አንዲት ቀጭን ችካል ፍቀው ወደ ጫፏ አሹለው ኮላ ነክረው በመዶሻ እንጨት ቀስ እያሉ መቷት፣ የተረፈውን በነጋታው ኮላው ሲደርቅ በስለት ቆርጠው ለጥ አደረጉት። ዛሬም ያቺ ቦታ ንቅንቅ አላለችም። ስቸኩል ሲያዩኝ የነገሩኝም «ዛሬ እንዳትበሳው» የሚል ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ይደር፣ በተለይ እንደኛ ደብረ ብርሃን ብርድ ባለበት ኮላ ቶሎ አይደርቅም።

ቦታውን ማግኘት ነው ዋናው ስራ፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት። ሁለት ነገር ነው የሚታየው።

አንደኛው ርዝመት ነው። ከ«ናት» (ኔኩ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉባት ባለ ቦይ ቁራጭ) እስከ 12ኛው ፍሬት ብረት መሃል ለኩ፣ እጥፉን ውሰዱ። የተለመደው ረጅም ቤዝ 432 ሚሊ ይመጣል፣ እጥፉ 864 ነው። የጂ ሳድል ክሩ የሚያርፍበት ጫፉ ከናት 864 አካባቢ ላይ እንዲውል ነው የሚፈለገው፣ ኢ ክር ወፍራም ስለሆነ ሳድሉ ከዛ ጥቂት ሚሊ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሌሎቹ በመሃላቸው። ስለዚህ አዲሱ ብሪጅ ላይ የጂውን ሳድል ወደ ፊት ገፍታችሁ፣ ግን ሁለት ሶስት ሚሊ መላወሻ ትታችሁ፣ 864 ላይ አስቀምጡትና ላሜራው የት እንደሚውል እዩ። መላወሻ ሳትተዉ ከበሳችሁ በኋላ ኢንቶኔሽን፣ ማለት ክሩ በየፍሬቱ ትክክለኛ ቃና እንዲሰጥ፣ ስታስተካክሉ ሳድሉ መሄጃ ያጣል።

ሁለተኛው መሃሉ ነው። አንድ ልጅ ከሸዋ ሮቢት ይዞልኝ የመጣው ቤዝ ላይ ብሪጁን የገጠመለት ሰው በአይኑ ገምቶ ወደ ጂ በኩል 5 ሚሊ ያህል አሳልፎታል፣ ልጁ ከላይኛው ፍሬት ላይ ጂን ትንሽ ሲጎትት ክሩ ከኔኩ ጠርዝ ወርዶ ይወድቅበት ነበር፣ እሱ ደሞ ጣቱ መስሎት ስንት ወር ሲጨነቅ ከርሟል። የገላውን ጠርዝ አትመኑ፣ ፒክአፑንም አትመኑ፣ ኔኩን ነው የምታምኑት። ኢና ጂ ክርን ብቻ አስገቡ፣ ብሪጁን በወረቀት ፕላስተር ያዝ አድርጉት፣ ክሮቹ እንዲቀኑ ያህል ብቻ ወጠር አድርጉና መጨረሻው ፍሬት ላይ ከኢ ክር እስከ ጠርዝ ከጂ ክር እስከ ጠርዝ ለኩ። እኩል እስኪሆን ብሪጁን ወዲህ ወዲያ። እኩል ሲሆን በእርሳስ ዙሪያውን ምልክት አድርጉ፣ በየቀዳዳው መሃልም በምስማር ጫፍ ነካ አድርጉ።

ትራፓኖው የሚበሳበት ጫፍ ከቪቴው ጥርስ የቀጠነ ይሁን፣ ከቪቴው ግንድ ጋር የሚተካከል፣ ጥርሱ እንጨት እንዲነክስ። የቪቴውን ርዝመት ከላሜራው ውፍረት ቀንሳችሁ ያቺን ልክ ጫፉ ላይ በፕላስተር ጠምጥሙ፣ ፕላስተሩ እንጨቱን ሲነካ ቁሙ። ቀጥ ብሎ ይውረድ። ከዛ ቪቴውን ከማስገባታችሁ በፊት ጥርሱን ሰም ቀቡት፣ ጧፍ ቤት ካለ ጧፉን አሻሹበት በቃ። ሳሙና የሚቀባ ሰው አለ፣ እሱ እርጥበት ይስባል ቪቴውን ያዝገዋል፣ ሰም ይሻላል። ቪቴዎቹን አንዱን እስከመጨረሻ አጥብቃችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፣ ሁሉንም በየተራ ትንሽ ትንሽ።

ከማጥበቃችሁ በፊት ግን ኧርዟ! የሽቦዋን የተላጠ ጫፍ እንደ መጥረጊያ በትናችሁ ብረቱ የሚያርፍበት ላይ አስተኟት። ብሪጁ ጥቁር ቀለም የተቀባ ከሆነ ቀለሙ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ከስሩ ሽቦዋ በምታርፍበት ልክ በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ፋቁት። ሲያልቅ በቴስተር አንዱን ጫፍ ብሪጁ ላይ፣ አንዱን የኬብሉ መግቢያ ጃክ የውጭ ብረት ላይ አድርጉ፣ ጢጥ ማለት አለበት። ቴስተር ከሌለ አምፕ ላይ ሰክታችሁ ክሩን ንኩት፣ ስትነኩት እምምም የሚለው ቀነስ ካለ ተገናኝቷል፣ ስትነኩትም ሳትነኩትም እኩል ከጮኸ አልተገናኘም። አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ድንኳን ሰርግ ላይ በጄኔሬተር ስትጫወቱ ክር ይዛችሁ ማይክ ከንፈራችሁን ከነዘረ ያ የብሪጁ ሽቦ ጥፋት አይደለም፣ የመብራቱ ኧርዝ ችግር ነው። ሽቦዋን ቆርጦ መጣል መፍትሄ አይደለም፣ መጫወት አቁሙና የመብራቱን ሰው ጥሩት። በዚህ ሰው ይሞታል።

ክሩ ከገባ በኋላ ቅደም ተከተሉን አታዘበራርቁ። መጀመሪያ ቃኙት። ቀጥሎ ኔኩን እዩ፣ ኢ ክርን አንደኛው ፍሬት ላይና መጨረሻው ፍሬት ላይ አንድ ላይ ተጭናችሁ ሰባተኛው አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መሃል ያለው ክፍተት 0.3 ሚሊ ገደማ ይሁን፣ የቢዝነስ ካርድ ውፍረት በሉት። ከዛ የሳድሉ ከፍታ፣ በትንሿ አለን ቁልፍ ነው፣ የባጃጅ ጋራዥ ያለው ትልቅ ነው፣ ሞባይል ጠጋኞቹ ጋ ደቃቃው አለ። 12ኛው ፍሬት ላይ ኢ 2.5 ሚሊ፣ ጂ 2 ሚሊ ብላችሁ ጀምሩ፣ ጠንክራችሁ የምትመቱ ከሆነ ትንሽ ከፍ አድርጉ። የሳድሉ ሁለት ቪቴ እኩል ይሁን፣ ሳድሉ አይዘም። ኤና ዲ ደግሞ የፍሬት ሰሌዳውን ጉብታ ተከትለው ከዳሮቹ ትንሽ ከፍ ይላሉ።

መጨረሻ ላይ ኢንቶኔሽን። መጀመሪያ እያንዳንዱን ክር ሳድሉ ላይ በአውራ ጣት ጫን አድርጉት፣ አዲስ ክር ሳድሉ ላይ ጎበጥ ብሎ ስለሚቀር እሱ ካልተኛ ቲዩነሩ ይዋሻችኋል። ከዛ 12ኛው ፍሬት ላይ በመንካት ብቻ የሚወጣውን ሃርሞኒክ ቃኙ፣ ያንኑ ፍሬት ተጭናችሁ ምቱ። ተጭናችሁ ስትመቱ ከፍ ካለ ክሩ አጥሯል፣ ሳድሉ ወደ ኋላ ይሂድ። ዝቅ ካለ ወደ ፊት ወደ ኔኩ ይምጣ። ሳድሉን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ክሩን አላሉት፣ አለበለዚያ የቪቴው ጥርስ ይበላል፣ ካንቀሳቀሳችሁ በኋላ እንደገና ቃኙ እንደገና ፈትሹ። ዲጂታል ቲዩነር ከሌለ የስልክ አፕም ይበቃል። የኢ ሳድል ወደ ኋላ አልሄድ ካለ ብዙ ጊዜ የሚከለክለው ሞላው ነው፣ አውጥታችሁ ግማሹን በፒንሳ ቆርጣችሁ መልሱት። ይሄን ስራ የማይሰራ ሰው አምባሰል ላይ ወደ ላይኛው ፍሬት ሲወጣ ኪቦርዱ ጋር ይጣላል፣ እኔ ይሄ ነገር በጣም ያመኛል፣ ጥሩ እጅ ያለው ልጅ ጆሮ የለውም ይባላል፣ ጥፋቱ የሳድሉ ሆኖ ሳለ።

ቫዮሊን የሚመስለው ቤዝ ያላችሁ፣ ሆፍነር በፈረንጆቹ ከ1956 ጀምሮ የሚሰራው፣ የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ የያዘው አይነት ወይ ቅጂው፣ የናንተ ሌላ ነው። እዛ ላይ ብሪጁ እንጨት ነው፣ ገላው ላይ ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው፣ አልተለጠፈም አልታሰረም፣ ክሩ ተጭኖ ነው የያዘው፣ ልክ እንደ በርኩማዋ። ቴልፒሱ ለብቻው ከገላው ጭራ ላይ ታስሯል። ስለዚህ ሁሉንም ክር አንዴ ካወጣችሁ ብሪጁ ይወድቅና ቦታው ይጠፋባችኋል፣ ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርጉ፣ ክርም አንድ አንድ እየቀየራችሁ። እንዳትለጥፉት ደሞ፣ ኢንቶኔሽኑ የሚስተካከለው ያንን እንጨት ወደፊት ወደኋላ በመግፋት ነው። ይሄ ቤዝ አጭር ነው፣ 76 ሳንቲ ገደማ፣ ክር ስትገዙ የአጭሩን ጠይቁ። አዲስ ብሪጅ ስትገዙለትም የስሩ ቅርፅ የገላውን ጉብታ እንዲይዝ ብርጭቆ ወረቀት ገላው ላይ አንጥፋችሁ፣ ሸካራውን ወደ ላይ፣ ብሪጁን እዛ ላይ እያሻሻችሁ ታስገቡታላችሁ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ሳምንት ተጫወቱበትና ቪቴዎቹን እንደገና ነካ ነካ አድርጉ፣ ኢንቶኔሽኑንም ዳግም እዩ፣ አዲስ ክር ይለጠጣልና። ከደብረ ብርሃን ጣርማ በርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት የምትወርዱ ልጆች ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ካለው ብርድ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ሙቀት ነው የምትገቡት፣ እንጨቱ ይሰማዋል፣ ኔኩ ትንሽ ይንቀሳቀስና ክሩ ከፍ ወይ ዝቅ ያለ ይመስላል። ያኔ ብሪጁን መነካካት አትጀምሩ፣ ቤዙን ከቦርሳው አውጥታችሁ ግማሽ ሰዓት ጥላ ውስጥ አሳርፉት፣ ቃኙት፣ ሰርጉ ካለቀ ወደላይ ስትመለሱ ወደነበረበት ይመጣል።